ሁለት መድኃኒት ካልሠራ በኋላ፦ ለመድኃኒት የማይበገር የሚጥል ሕመም እና ሕክምናው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል ሕመም ጋር ይኖራሉ። በአግባቡ ቢመረመሩና ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ ከእነዚህ ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። ስለ ሚጥል ሕመም የሚነገረው የተስፋ ቃል አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የቀሩትን ነው፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ፣ አንዱ ሲያቅት በሌላ እየተተካላቸው፣ መጠኑም በየጊዜው እየጨመረላቸው ሕመሙ ግን አሁንም የሚጥላቸውን ሰዎች። ቁጥራቸው ከጠቅላላው ታካሚ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል።

ስለ እነዚህ ታካሚዎች ሲነሳ ንግግሩ ቶሎ ብሎ ወደ አዳዲስ መድኃኒቶች ይዞራል። መድኃኒት መገኘቱ እንደሚጠቅም አይካድም፤ ሆኖም ብዙዎቹን ታካሚዎች በበለጠ የሚጎዳቸው የጊዜ መባከን ነው። ሁለት መድኃኒት በአግባቡ ተሞክሮ ካልሠራ የሚቀጥለው እርምጃ ለቀዶ ሕክምና ግምገማ ወደ ልዩ ማዕከል መላክ መሆን እንዳለበት በሕክምናው ዓለም ስምምነት ከተደረሰበት ቆይቷል፤ በተግባር ግን ታካሚው ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ መድኃኒት እየተቀየረለት ዓመታት ይነጉዳሉ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊጠቅማቸው የሚችል አዋቂዎች ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ቀዶ ሕክምናው ጋ እስኪደርሱ በአማካይ ሃያ ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሃያ ዓመት ማለት የትምህርት፣ የሥራ፣ የትዳርና የልጅ ማሳደጊያ ዕድሜ ነው።

ሁለት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2000 ፓትሪክ ክዋን እና ማርቲን ብሮዲ የተባሉ ሐኪሞች በስኮትላንዷ የግላስጎው ከተማ የተከታተሏቸውን ታካሚዎች ውጤት አሳተሙ። ከዚያ በፊት ምንም ዓይነት የሚጥል ሕመም መድኃኒት ወስደው ከማያውቁ 470 ታካሚዎች መካከል 47 በመቶዎቹ በመጀመሪያው መድኃኒት ብቻ ሕመሙ ተወላቸው። በሁለተኛው መድኃኒት ተጨማሪ 13 በመቶ ተሻላቸው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ በሦስተኛ መድኃኒት ወይም በመድኃኒቶች ቅንጅት ሕመሙ የተወላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያው ከተማ የነበረው ክትትል ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የ1,795 ታካሚዎች የሠላሳ ዓመት ውጤት ታተመ። በመካከሉ ከደርዘን በላይ አዳዲስ መድኃኒቶች ገበያ ላይ ውለዋል፤ ሕመሙ የተወላቸው ሰዎች ድርሻ ግን እዚያው 64 በመቶ አካባቢ ነበር። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳትን በመቀነስ ረገድ ብዙ ጠቅመዋል፤ በሁለቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች ያልተሻለውን ታካሚ ዕጣ ግን እምብዛም አልለወጡም።

ዓለም አቀፉ ፀረ-የሚጥል ሕመም ሊግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ትርጓሜ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በትርጓሜው መሠረት ለሕመሙ ዓይነት የሚስማሙ፣ ታካሚው የቻላቸውና በበቂ መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች፣ በተናጠልም ሆነ በቅንጅት ተሞክረው፣ ሕመሙን ለዘለቄታው ካላስቆሙት ሕመሙ ለመድኃኒት የማይበገር ይባላል። እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። ሽፍታ ስላወጣ በሁለተኛው ሳምንት የተቋረጠ መድኃኒት ከሁለቱ እንደ አንዱ አይቆጠርም፤ በቂ መጠን ላይ ሳይደርስ ስለተተወ ተሞክሯል ሊባል አይችልምና። "ለዘለቄታው" የሚለውም መለኪያ አለው፦ ታካሚው ቢያንስ ለ12 ወራት፣ ወይም ከሕክምናው በፊት ሕመሙ ሳይነሳበት የቆየበት ረጅሙ ጊዜ በሦስት ተባዝቶ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል ጊዜ ደህና ሆኖ መቆየት አለበት። ሕመሙ በስምንት ወር አንዴ የሚነሳበት ሰው መድኃኒቱ ሠርቶለታል ለማለት ሁለት ዓመት ያህል ደህና መክረሙን ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ነው ያልሠራው ወይስ ምርመራው?

ወደ ከባዱ ሕክምና ከመሄድ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ለእኔ ከጠቅላላው ጉዳይ እጅግ ቸል የተባለውም ይኸው ክፍል ነው። "መድኃኒት አልያዘውም" ተብለው ወደ ከፍተኛ የሚጥል ሕመም ማዕከላት ከሚላኩት ታካሚዎች ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው፣ በጥንቃቄ ሲመረመር ጨርሶ የሚጥል ሕመም የሌለበት ሆኖ ይገኛል። የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ድንገት ራሱን ስቶ ሲወድቅ ለጥቂት ሰከንዶች ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህን የሚጥል ሕመም ነው ብሎ ፌኒቶይን ማዘዝ አይጠቅመውም፣ ትክክለኛው የልብ ሕክምና ሲዘገይበት ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በሌላ በኩል በአንጎል ውስጥ የተዛባ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሳይኖር፣ ከሥነ ልቦና ጫና ጋር ተያይዞ የሚመጣ መውደቅና መንቀጥቀጥ አለ። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ታካሚው ሆን ብሎ አያደርገውም፣ ስቃዩም እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን የሥነ ልቦና ሕክምና እንጂ የሚጥል ሕመም ኪኒን ስላልሆነ፣ የኪኒኑ መጠን በተጨመረ ቁጥር ሰውየው ይደክማል እንጂ አይሻለውም።

ሕመሙ የሚጥል ሕመም መሆኑ ቢረጋገጥም ዓይነቱ ሊሳት ይችላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሳ እጆቿ ድንገት እየተወረወሩ የያዘችውን ብርጭቆ የሚያስጥላትን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናስብ። ቤተሰቧ ይህን እንቅልፍ ያልጠገበች ልጅ ድንዛዜ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሐኪም ጋ የምትወሰደው አንድ ቀን መላ ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ስትወድቅ ነው፤ ስለ ጠዋቱ መወርወር የሚጠይቅም የሚናገርም አይኖርም። ካርባማዜፒን ይታዘዝላታል። መድኃኒቱ ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሳ ሕመም ጥሩ ቢሆንም፣ በወጣትነት ዕድሜ ለሚጀምረው ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ግን የእጆቹን መወርወር ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ሲጨመር ይብስባታል፤ ሲብስባት ደግሞ "አልበገር ብሏል" ይባላል። ለሕመሟ ዓይነት የሚስማማ መድኃኒት ቢቀየርላት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይተዋታል። ይህን ሁሉ ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጠዋት ጠዋት እጅሽ ዕቃ ይጥላል?

መጠንና መዝለልም አሉ። ለሕፃንነት ክብደት የታዘዘ መድኃኒት ልጁ አድጎም ሳይስተካከል ሊቀር ይችላል። የእንቅልፍ እጦትና አልኮል ጥሩ ሲሠራ የነበረን መድኃኒት ዋጋ ያሳጡታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን አንዳንድ የሚጥል ሕመም መድኃኒቶች ከደም ውስጥ ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል፤ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የላሞትሪጂንን መጠን ይቀንሳል፤ በተቃራኒው ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያውን ያዳክማሉ። ታካሚው መድኃኒቱን የሚዘልበትም ምክንያት መመርመር አለበት። መርሳት ብቻ አይደለም፤ የማስታወስ ችሎታን የሚያደበዝዝ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያንገላጅጅ ወይም ክብደት የሚጨምር መድኃኒት ሰው ሳይናገር ይተወዋል። ተግሣጽ ከሚሰጠው ይልቅ ምክንያቱን የሚጠይቀው ሐኪም እውነቱን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ሕመሙ በእርግጥ አልበገር ማለቱ ሲታወቅ ለምን የሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ የለውም። አንዱ መላ ምት ደምና አንጎልን በሚለየው ግድግዳ ላይ እንደ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ያሉ ፕሮቲኖች በዝተው መድኃኒቱን ወደ ደም ይመልሱታል የሚል ነው፤ ይህን ፕሮቲን በመግታት መድኃኒቱን ለማስገባት የተደረገው ጥረት ግን እስካሁን ሕክምና አልወጣውም። ሌላው መድኃኒቱ የሚይዝበት የነርቭ ሕዋስ በር ቅርፁን ቀይሯል ይላል። ሦስተኛው የነርቭ ሕዋሳቱ ትስስር ራሱ ከሥሩ ተዛብቷል የሚል ነው። ለታካሚው የበለጠ ፋይዳ ያለው ከዚህ ሌላ ሐቅ ነው፦ አንጎል ውስጥ የሚታይ ጠባሳ ወይም የአፈጣጠር እክል ሲኖር መድኃኒት የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል። በቴምፖራል ሎብ፣ ማለትም ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ጎን፣ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል መጠንከርና መሟሸሽ፤ ከውልደት በፊት የአንጎል ቅርፊት በአግባቡ አለመደርደር፤ የጭንቅላት አደጋ፣ የማጅራት ገትርና የስትሮክ ጠባሳ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ። መድኃኒቱን የሚያሸንፈው ይኸው ጠባሳ በሌላ በኩል ቦታው የሚታወቅ፣ ተቆርጦም ሊወጣ የሚችል መሆኑ ለቀዶ ሕክምናው መነሻ ሆነ።

የመጠበቅ ዋጋ

ብዙ ቤተሰብ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሲባል ይደነግጣል፤ ተፈጥሯዊ ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ የሚመዘነው ቀዶ ሕክምናውን ከምንም አደጋ ከሌለበት ሕይወት ጋር በማነፃፀር ከሆነ ሚዛኑ ተሳስቷል። ሕመሙ የማይተወው ሰው በየዓመቱ የሚከፍለው አለ። ከፍ ካለ ቦታ መውደቅ፣ ውኃ ውስጥ መስመጥ፣ እሳት ላይ መውደቅ፣ የትከሻ መውለቅና የጥርስ መሰበር የዘወትር አደጋዎች ናቸው። ድባቴ በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ ከሌላው ሰው ይልቅ የተስፋፋ ሲሆን፣ የማስታወስ ችሎታም በዓመታት ውስጥ ሊሸረሸር ይችላል።

ከሁሉም የከፋው በድንገት መሞት ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት ሞቶ የሚገኝበት ሁኔታ አለ። በአዋቂዎች ዘንድ በዓመት ከ1,000 ታካሚዎች አንዱን ገደማ፣ በልጆች ዘንድ ከ4,500 አንዱን ገደማ ይገድላል። ይህ አማካይ ቁጥር ነው፤ ሕመሙ ለመድኃኒት በማይበገርባቸው፣ በተለይም መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት በተደጋጋሚ በሚነሳባቸው ሰዎች ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሌሊት የሚያንቀጠቅጠው ሰው ብቻውን አለመተኛቱ አደጋውን እንደሚቀንስ የሚጠቁም ማስረጃ አለ። ብዙ ሐኪሞች ቤተሰብን ላለማስፈራራት ሲሉ ይህን አያነሱም። እኔ ግን ሊነገር ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም ቤተሰብ "ቆይተን እንየው" የሚለው ውሳኔ ምን እንደሚያስከፍል ሳያውቅ ሊወስን አይገባም።

ሕመሙ የሚነሳበትን ቦታ ማግኘት

ለቀዶ ሕክምና ግምገማ የተላከ ሰው የሚገባበት ክፍል ከውጭ ሲታይ ተራ የሆስፒታል ክፍል ነው። ልዩነቱ ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራና በታካሚው ራስ ቆዳ ላይ የተለጠፉት ገመዶች ናቸው። ሌት ተቀን የአንጎሉ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ኢ.ኢ.ጂ.፣ ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይቀረጻል፤ ቆይታው ከጥቂት ቀናት እስከ አንድና ሁለት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። መድኃኒቱ ሆን ተብሎ በጥንቃቄ ይቀነስለታል። ሌላ ጊዜ ሁሉ እንዳይመጣ የሚለመነው ሕመም እዚህ ይጠበቃል።

ታካሚው ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማዋልና መጥሪያውን ይጫናል። ባለሙያዋ ሮጣ ትገባለች፤ ስሙን ትጠይቀዋለች፤ አንድ ቃል ነግራው እንዲይዘው ታደርጋለች፤ ሁለት እጁን እንዲያነሳ ታዘዋለች። እሱ ግን ፈዟል፤ ከንፈሩን እያላመጠ በቀኝ እጁ አንሶላውን ይቆነጥራል፤ ግራ እጁ ግትር ብሎ ይጣመማል። ከደቂቃ ተኩል በኋላ ሲያበቃ በቀኝ እጁ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ወዲያውም አጥርቶ ይናገራል። ለአስታማሚው ይህ ሁሉ የሕመሙ ትርምስ ነው፤ ለሚያነበው ሐኪም ግን እያንዳንዱ ምልክት አቅጣጫ ነው። የተጣመመው ግራ እጅና አፍንጫ የጠረገው ቀኝ እጅ አንድ ላይ ሲታዩ ሕመሙ ከቀኙ ቴምፖራል ሎብ መነሳቱን ይጠቁማሉ፤ ከዚያም ወዲያው አጥርቶ መናገሩ የቋንቋ ማዕከሉ በአብዛኛው በሚገኝበት በግራው በኩል እንዳልነበር ያጠናክራል። ኢ.ኢ.ጂ.ው ይህንኑ ካረጋገጠና የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤም.አር.አይ. የቀኙ ሂፖካምፐስ መሟሸሹን ካሳየ መልሱ ተገኘ ማለት ይቻላል።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። ኤም.አር.አይ.ው ራሱ እንዴት እንደተነሳና ማን እንዳነበበው ልዩነት ያመጣል። በጀርመኗ ቦን ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በተለመደው አነሳስ ተነስቶ የሚጥል ሕመም ልምድ በሌለው ባለሙያ የተነበበ ምስል ጠባሳውን ያገኘው በ39 በመቶ ታካሚዎች ላይ ብቻ ሲሆን፣ ለሚጥል ሕመም በተዘጋጀ ሥርዓት ተነስቶ ልምድ ባለው ባለሙያ ሲነበብ ወደ 91 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ "ኤም.አር.አይ. ተነስቶ ምንም የለውም" የሚል ወረቀት የያዘ ታካሚ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ምስሉ በእርግጥ ንጹሕ ሲሆን የአንጎልን የስኳር አጠቃቀም የሚያሳየው የፔት ምርመራ ይታከላል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ቀጫጭን ገመዶች በራስ ቅል ላይ በሚከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ገብተው ከውስጥ ይቀርጻሉ፤ ይህን ዘዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፓሪስ ውስጥ የፈጠሩት ዣን ታሌራክና ዣን ባንኮ ናቸው።

ከቦታው ባሻገር ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያ ቦታ ምን ሥራ ይሠራል? ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ የሚያስከትለውን ዓለም የተማረው ከአንድ ታካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዊልያም ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም፣ ከባድ የሚጥል ሕመም የነበረበትን የ27 ዓመቱን ሄንሪ ሞሌሰንን የሁለቱንም ጎን ሂፖካምፐስ አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ አወጣ። ሕመሙ በእጅጉ ቀነሰ፤ ሰውየው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 እስከሞተበት ቀን ድረስ አዲስ ነገር ማስታወስ አልቻለም። ዛሬ ሁለቱን ጎን መቁረጥ የተከለከለው፣ ከአንዱ ጎን መቁረጥም የማስታወስና የቋንቋ ፈተና ሳይደረግ የማይታሰበው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል ይሠራል?

ለረጅም ጊዜ መልሱ የቀዶ ሐኪሞች ምስክርነት ብቻ ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ሙከራ ይህን ለወጠ። 80 የቴምፖራል ሎብ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት የሕመም መነሳት ነፃ የሆኑት በቀዶ ሕክምናው ወገን 58 በመቶ፣ በመድኃኒት በቀጠሉት ዘንድ 8 በመቶ ነበሩ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ሞቷል፤ የሞተው ቀዶ ሕክምና ተራውን ይጠብቅ ከነበረው ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ ሁለት መድኃኒት ካቃታቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ታካሚዎች ወሰደ። 200 ሰው ታቅዶ የተገኘው 38 ብቻ ስለሆነ ቀድሞ ተቋረጠ፤ ይህ ራሱ ታካሚዎች ምን ያህል ዘግይተው እንደሚላኩ ያሳያል። በሁለተኛው ዓመት ሕመሙ ጨርሶ ያልተነሳባቸው በቀዶ ሕክምናው ወገን ከ15ቱ 11 ሲሆኑ፣ በመድኃኒቱ ወገን ከ23ቱ አንድም አልነበረም። በህንድ 116 ልጆችና ወጣቶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሙከራም በአንድ ዓመት ውስጥ 77 በመቶ ለ7 በመቶ ውጤት አሳየ።

ጉዳቱም በግልጽ ሊነገር ይገባል። በህንዱ ሙከራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ልጆች አንድ ሦስተኛው ያህል ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ አብዛኛው ከተቆረጠው የአንጎል ክፍል ሥራ አንፃር አስቀድሞ የሚጠበቅና ለቤተሰብ የተነገረ፣ ለምሳሌ የአንድ ጎን እጅና እግር መድከም ነበር። የቴምፖራል ሎብ ቀዶ ሕክምና የዕይታን የላይኛውን አንድ ማዕዘን ሊያሳጣ ይችላል፤ በግራ በኩል ሲሆን ስም የማስታወስና ቃል የማግኘት ችሎታን ሊቀንስ ይችላል። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸውም አሉ። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት መድኃኒት አይቆምም፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ይቀጥላል፣ ለአንዳንዶቹም ዕድሜ ልክ። በልጆች ላይ ግን አንጎል ሥራውን ወደ ጤነኛው ጎን የማዛወር አቅሙ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ግማሹን የአንጎል ክፍል ከሌላው ማለያየትን የመሰለ ከባድ ሕክምና እንኳ ልጁ እንዲራመድና እንዲናገር ዕድል ይተዋል። ለልጆች መፍጠን የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቦታው ለማይገኝላቸው ወይም መቁረጥ ለማይቻልላቸው

ሕመሙ ከብዙ ቦታ የሚነሳባቸው፣ ወይም ከንግግርና ከእንቅስቃሴ ማዕከል የሚነሳባቸው ሰዎች ሌላ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ ረጅም ልምድ ያለው እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው የቬገስ ነርቭ ማነቃቂያ ነው። ግራ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መሣሪያ አንገት ውስጥ ወዳለው ነርቭ በየደቂቃዎቹ ምት ይልካል። ከተተከለላቸው ግማሽ ያህሉ ሕመሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስላቸዋል፤ ጨርሶ የሚተዋቸው ጥቂቶች ናቸው። ድምፅ መጎርነንና ሳል የተለመዱ ጉዳቶቹ ሲሆኑ፣ ጥቅሙ በወራት ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የሚታይ ነው። ታላመስ የተባለውን የአንጎል እምብርት የሚያነቃቃው ጥልቅ ማነቃቂያ በ110 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ በአምስተኛው ዓመት ሕመሙን በመካከለኛ ግምት በ69 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተፈቀደው ሌላው መሣሪያ ራሱ ራስ ቅል ውስጥ ተቀብሮ የሕመሙን መነሳት ሲያውቅ ብቻ ምት ይሰጣል፤ በዘጠነኛው ዓመት የተመዘገበው መካከለኛ ቅነሳ 75 በመቶ ነው። እነዚህ ማሻሻያዎች ናቸው፤ ፈውስ ተብለው ለቤተሰብ ሊቀርቡ አይገባም።

የአመጋገብ ሕክምናው ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ይቀድማል። ራስል ዋይልደር በማዮ ክሊኒክ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ ፌኒቶይን ሥራ ላይ ከመዋሉ አሥራ ሰባት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ጥብቅ በሆነው መልኩ ለእያንዳንዱ አንድ ግራም ፕሮቲንና ስታርች አራት ግራም ስብ ይመደባል፤ ሰውነት ከስኳር ይልቅ ከስብ የሚገኘውን ኬቶን እንዲያነድ ለማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ በ145 ልጆች ላይ የታተመ ሙከራ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሕመሙ ከግማሽ በላይ የቀነሰላቸው በአመጋገቡ ወገን 38 በመቶ፣ በሌላው 6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስኳር ወደ አንጎል የሚያስገባው ፕሮቲን በተፈጥሮ ለጎደላቸው ልጆች ደግሞ ይህ አመጋገብ ቀዳሚው ሕክምና ነው። ይሁንና ከሐኪምና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ውጭ በቤት ውስጥ መጀመር አደገኛ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር፣ የዕድገት መዘግየትና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ስብን ማቃጠል የማይችሉ የተፈጥሮ እክሎች ያሉባቸውን ልጆች ሊገድል ይችላል።

ስለ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴኖባሜት ከአንድ የአንጎል ክፍል በሚነሳ ሕመም ላይ ሲሞከር ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 21 በመቶዎቹ በሙከራው ወራት ሕመሙ ጨርሶ አልተነሳባቸውም፤ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 1 በመቶ ብቻ። ለብዙ ጊዜ መድኃኒት ላቃተው ሰው ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ከባድ የቆዳና የውስጥ አካል ቁጣ እንዳያስከትል መጠኑ በጣም ቀስ እያለ መጨመር አለበት። የተጣራው ካናቢዲዮል ድራቬ በተባለው የልጆች ከባድ ሕመም ላይ በወር 12 ያህል ጊዜ ይነሳ የነበረውን ወደ 6 አውርዷል። በገበያ "የካናቢስ ዘይት" ተብሎ የሚሸጠው ይዘቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

የዘር ምርመራ ለአንዳንድ ልጆች የመድኃኒት ምርጫውን ከመሠረቱ ይለውጠዋል። ድራቬ አብዛኛውን ጊዜ የሶዲየም መተላለፊያን በሚያዘው ዘር ላይ በሚደርስ ለውጥ የሚመጣ ስለሆነ፣ ይህንኑ መተላለፊያ የሚዘጉት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን ያባብሱታል። በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት በትኩሳት ምክንያት ለረጅም ጊዜ የተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ያለ ትኩሳት የቀጠለበት ሕፃን ሲታይ ይህ መታሰብ አለበት። በቫይታሚን ቢ6 ብቻ የሚቆም የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሕፃናትም አሉ፤ ሳይታወቅላቸው የሚቀረው እያንዳንዱ ወር አንጎላቸውን ይጎዳል።

ታካሚውና ቤተሰቡ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርጉ?

ሕመሙ ሲነሳ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ሲቀርጹ ፊቱና ሁለቱም እጆቹ ይታዩ፤ ካበቃ በኋላም መቅረጹን አያቁሙ፤ ስሙን ጠይቁት። እስካሁን የተወሰደው እያንዳንዱ መድኃኒት ስሙ፣ የደረሰበት ከፍተኛ መጠን፣ የተወሰደበት ጊዜና የቆመበት ምክንያት በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት መድኃኒት በእርግጥ ተሞክሯል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ መንቀጥቀጥ ድንገተኛ አደጋ ስለሆነ፣ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ውስጥ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ ማስቆሚያ መድኃኒት በቤት እንዲኖር ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። በሚንቀጠቀጥ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር መክተት አይገባም፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። ልታረግዝ የምትችል ሴት ቫልፕሮኤት የምትወስድ ከሆነ ከእርግዝናው በፊት፣ መድኃኒቱን በራሷ ሳታቋርጥ፣ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት፤ ቫልፕሮኤት በጽንሱ ላይ የአፈጣጠር ጉዳትና የአእምሮ ዕድገት ችግር የማስከተል ዕድሉ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ከፍ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ወደ ልዩ ማዕከል መላክ ነው። ዓለም አቀፉ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ለመድኃኒት አለመበገሩ እንደተረጋገጠ፣ ሕመሙ የቱንም ያህል ጊዜ ቢቆይ፣ ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ግምገማ ሊላክ ይገባል ብሏል። መላክ ማለት መቆረጥ ማለት አይደለም፤ ከሚገመገሙት ብዙዎቹ ምርመራቸው ይስተካከላል ወይም የመድኃኒት ምርጫቸው ይሻሻላል እንጂ ቀዶ ሕክምና አይደረግላቸውም። ከዓመታት በፊት ተገምግመው "አይሆንም" የተባሉትም ሊዘነጉ አይገባም። ያኔ ምንም ያላሳየው ኤም.አር.አይ. ዛሬ በተሻለ መሣሪያ ሲነሳ ጠባሳውን ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ያልነበረው ማነቃቂያ፣ መድኃኒትና የዘር ምርመራ ዛሬ አለ። ስለዚህ የቆየ የ"አይሆንም" ወረቀት ያለው ታካሚ ያንኑ ወረቀት ይዞ በድጋሚ እንዲታይ መጠየቅ መብቱ ነው፤ የመጀመሪያው ሐኪም ቢያቅማማ እንኳ ሌላ ማዕከል መሞከር ይችላል።